የሚሳል ምላጭ፣ ሻቬት ወይስ ሴፍቲ? በአንድ ስለት መላጨት ለሚጀምር ሰው

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ፣ ጥቁር እጀታ ያለው የሚታጠፍ ምላጭ ነው። አባቱ በንግድ መርከብ ላይ በሚሠሩበት ዘመን ከጀርመን ያመጡት ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ከድሮ ሰነዶች ጋር ሳጥን ውስጥ ተገኘ። «በዚህ መላጨት እፈልጋለሁ። ይቻላል? ወይስ ሌላ ልግዛ?» ይላል ከሥሩ።

እኔ በእንዲህ ዓይነቱ፣ የሚሳል ምላጭ በሚባለው፣ መላጨት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ከዚያ በፊት ሴፍቲ ተጠቅሜአለሁ፤ ሻቬት የሚባለውን፣ የሚሳል ምላጭ መስሎ ስለቱ ግን የሚጣለውንም ሞክሬአለሁ። ሦስቱም ዛሬም ቤቴ አሉ። ለጓደኛዬ በስልክ የነገርኩትን ሰፋ አድርጌ እዚህ ላስቀምጠው። ተመሳሳይ ጥያቄ ያለው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው «የቱ ነው አጥርቶ የሚላጨው?» ብሎ ይጀምራል። እጃችሁ ከለመደ ሦስቱም አጥርተው ይላጫሉ። ትልቁ ልዩነት ያለው ከመላጨቱ በፊትና በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። ስለቱን ማን ያዘጋጀዋል? ሲደንዝ ማን ይመልሰዋል? በሴፍቲና በሻቬት ይህን የሚሠራላችሁ ፋብሪካው ነው። በሚሳል ምላጭ ግን ሠራተኞቹ እናንተ ናችሁ። ያንን ሥራ ከወደዳችሁት የሚሳል ምላጭ ያስደስታችኋል። ካልወደዳችሁት ግን ምንም ያህል ውድ ምላጭ ብትገዙ በሁለተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ሦስቱ ምንድን ናቸው?

እኛ «ምላጭ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት የተጠቀለለችውን፣ በሁለት በኩል የምትቆርጠውን ስስ ብረት ማለታችን ነው። እሷ የተሠራችው ለሴፍቲ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ለዚህ መላጫ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ መሳል የማያስፈልገው፣ ሲደንዝ የሚጣል ስለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ ሲያድለው ልማዱ በጣም ተስፋፋ። የሴፍቲው ራስ ምላጩን ጨብጦ ይይዘዋል። ወደ ፊት የሚወጣው የስለቱ ጠርዝ ብቻ ነው። የሚይዘውን ማዕዘንም በከፊል ራሱ ይወስንላችኋል።

የሚሳል ምላጭ ግን አንድ ወጥ ብረት ነው። አይቀየርም። በየጊዜው ስትሮፕ በሚባል የከብት ቆዳ ላይ እየተመላለሰ፣ አልፎ አልፎ ድንጋይ ላይ እየተሳለ ይኖራል። በደንብ ከተያዘ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ሻቬት መልኩ የሚሳል ምላጭ ነው፤ ስለቱ ግን የሚጣል ነው። ፀጉር ቤት ስትሄዱ ባለሙያው አንዷን ምላጭ ከወረቀቷ ሳያወጣ ለሁለት ሰብሮ መያዣው ውስጥ ሲከታት አይታችኋል። ሻቬት የሚባለው እሱ ነው። እንደ ጃፓኑ ፌዘር ያሉ አምራቾች ደግሞ ለዚህ ዓይነት መያዣ ብቻ የሚሆን ወፈር ያለ ስለት ይሠራሉ።

መጀመሪያ ጺማችሁን እዩት

ይህን ክፍል ዝለሉት ብል ደስ አይለኝም። የብዙዎቻችን ጺም የተጠቀለለ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር በጣም አጥሮ ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ይሆናል፤ ሲያድግ ደግሞ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። አንገት ላይ የሚወጡት ትንንሽ እብጠቶች፣ ማሳከኩ፣ ቆይቶ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ ከዚህ ይመጣል። ባለ ሦስትና ባለ አምስት ስለት መላጫዎች ለእንዲህ ዓይነት ጺም ጥሩ አይደሉም። የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፤ የኋለኛው ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ፀጉር ወደ ቦታው ሲመለስ ከቆዳው በታች ይሰምጣል።

ስለዚህ ነጠላ ስለት ለብዙዎቻችን እፎይታ ነው። ለእኔም ነበር። ግን እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በሚሳል ምላጭም ሆነ በሻቬት ለመላጨት ቆዳን በሌላው እጅ መወጠር ያስፈልጋል። ቆዳ በጣም ሲወጠርም ያው ችግር ይመጣል። ለቀቅ ሲደረግ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ቆዳውን በልኩ ብቻ መወጠር፣ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ መላጨት፣ በተቃራኒው አቅጣጫ አለመመለስ ነው። ሕፃን ጉንጭ የመሰለ ልስላሴ አይገኝም። ከማበጥ ግን ይሻላል።

አንገታችሁ አሁን በእብጠት የተሞላ ከሆነ የማምንበትን ልንገራችሁ። ለጊዜው ምላጭ ተዉ። ጥቂት ሳምንት በቶንዶስ አሳጥራችሁ ብቻ ቆዩ። ካልለቀቃችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቆዳው ሲረጋጋ በሴፍቲ ጀምሩ። በሚሳል ምላጭ ለመማር የታመመ ቆዳ ጥሩ ሰሌዳ አይደለም።

ሴፍቲ ወይስ ሻቬት?

ብዙ ሰው ሻቬትን ለሚሳል ምላጭ እንደ መለማመጃ ያየዋል። «ርካሽ ነው፣ አያያዙ አንድ ነው፣ በእሱ ልልመድ» ይላል። በከፊል ልክ ነው። እጅ የሚማረው ነገር ይመሳሰላል። ግን የሻቬት ስለት ስስ፣ በጣም ስል፣ ጥጉም ሹል ነው። ስህተትን አይምርም። በደንብ የተሳለና ስትሮፕ ላይ የተመላለሰ የሚሳል ምላጭ ከእሱ ይለሰልሳል። ክብደቱም እጅን ያረጋጋል። እኔ በሻቬት በሁለት ወር የደማሁትን ያህል በሚሳል ምላጭ በስድስት ዓመት አልደማሁም። ስለዚህ ሻቬት ከብዷችሁ ከሆነ «የሚሳል ምላጭ አልችልም» ብላችሁ አትደምድሙ።

ሻቬት ትክክለኛ ቦታው ፀጉር ቤት ነው። ምክንያቱ ንጽሕና ነው። ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም በደም የሚተላለፉ ናቸው። በአንድ የሚሳል ምላጭ አሥር ሰው የሚላጭበት ፀጉር ቤት ውስጥ እኔ አልቀመጥም። በሻቬትም ቢሆን ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ ዓይናችሁ እያየ ይሁን። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያ ራሱ ያሳያችኋል።

ቤት ውስጥ ግን ሻቬት የምመክረው ጭንቅላቱን ለሚላጭ ወይም የጺሙን መስመር ራሱ ለሚያወጣ ሰው ነው። ስለቱ ስለሚታይ መስመር ለማውጣት የሚያህለው የለም። ከዚያ ውጪ ግን ለአብዛኛው ሰው ሴፍቲ ይበቃል። በአንድ ሁለት ሳምንት ትለምዱታላችሁ፤ ምላጩ በየሱቁ አለ፤ ዋጋውም አይከብድም። ጠዋት ለሥራ ስትሮጡ የሚያደርስ እሱ ነው። ሴፍቲ መርጦ በሴፍቲ የሚያረጅ ሰው ምንም የቀረበት ነገር የለም።

እንግዲህ የሚሳል ምላጭ ለማን ነው? ከመላጨቱ ይልቅ ዕቃውን መንከባከብ ለሚወድ ሰው ነው። ጠዋት ወይም ማታ ሃያ ደቂቃ ለራሱ ያለው ሰው። የራሱን ቢላ ራሱ መሳል የሚያስደስተው ሰው። እኔ እንደዚያ ነኝ። ስትሮፑ ላይ ምላጩን ሳመላልስ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ቀኔን ያረጋጋዋል። እናንተም እንዲህ ከሆናችሁ አብረን እንቀጥል።

አዲስ ወይስ አሮጌ?

የምላጭ አገር ከተባለ ሁለት ከተሞች ይነሳሉ። አንዷ የእንግሊዟ ሼፊልድ ናት። ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ በትንንሽ የሸክላ ማቅለጫዎች ጥራት ያለው ብረት ማውጣት ከቻለ ወዲህ የሼፊልድ ምላጭ ስሙ ገነነ። ሁለተኛዋ የጀርመኗ ሶሊንገን ናት። የሶሊንገን ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ዋናው ሥራ በዚያ አካባቢ ያልተሠራ ስለታም ዕቃ ስሙን መያዝ አይችልም። ዶቮና ቦከር የሚባሉት የምላጭ አምራቾች እዚያ ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ቲዬር የምትባል ከተማ አለች፤ ቲዬር-ኢሳር የሚባለው ምላጭ የሚሠራው እዚያ ነው።

ከእነዚህ የሚገዛ አዲስ ምላጭ ከ100 ዩሮ በላይ ያስወጣል። አሮጌ ግን ተፈልጎ ከተገኘ በጣም ይረክሳል፤ ብረቱም ከዛሬው አያንስም። ችግሩ አሮጌውን ማወቅ ነው።

አሮጌ ምላጭ ስታዩ መጀመሪያ ስለቱን በብርሃን አንጻር ያዙት። የተሸረፈ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ አለ? ትንሽ ሽርፍ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ስንጥቅ ግን አይወጣም፤ ተዉት። ቀጥሎ ዝገቱን እዩ። ላይ ላዩን ያለ ቀይ ዝገት ይጸዳል። ስለቱ ጠርዝ ላይ ጉድጓድ የሠራ ጥቁር ዝገት ግን ክፉ ነው፤ ስትስሉት ጠርዙ እየተሰበረ ይሄዳል። ከዚያ ጀርባውን እዩት። ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም አብረው ድንጋይ ላይ ይተኛሉ። ጀርባው በአንድ በኩል ብቻ በጣም ጠፍጥፎ ከሆነ ያላወቀ ሰው ስሎታል ማለት ነው። በመጨረሻ ክፈቱና ዝጉት። ስለቱ ከእጀታው መሐል ካልገባና ጎኑን ከነካ ራሱን ያደነዝዛል።

የጓደኛዬ ምላጭ ከስለቱ ወደ ማጠፊያው በሚወስደው ብረት ላይ ሶሊንገን የሚል ማኅተም አለው። ጫፉ አጠገብ ትንሽ ሽርፍ፣ ማጠፊያው አካባቢ ቀይ ዝገት አለ። ጀርባው ግን እኩል ነው። አባቱ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

በጣም ርካሽ አዲስ ምላጭስ? ከዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ምላጬን ከኢንተርኔት የገዛሁት በዋጋው ተስቤ ነው። ሻጩ «ለመላጨት ዝግጁ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ጉንጬ ሲቃጠል፣ ፀጉሩ ሲጎተት፣ ጥፋቱ የእጄ መሰለኝ። መላጨቴን ልተው ነበር። በኋላ አንድ የሚያውቅ ሰው ምላጩን አይቶ «ይሄ እኮ አልተሳለም» አለኝ። ስሎ ሰጠኝ። በዚያው ሳምንት ሌላ ምላጭ የያዝኩ መሰለኝ። ስለዚህ ስትገዙ የምትጠይቁት ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፤ በእጅ፣ በድንጋይ፣ ምላጭ በሚያውቅ ሰው ተስሎ ነው የሚመጣው? ሻጩ በግልጽ ካልመለሰላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ወርዱ፣ ጎኑ፣ ጫፉ፣ ብረቱ

የምላጭ ወርድ የሚለካው በኢንች ስምንተኛ ነው። ለጀማሪ 5/8 ወይም 6/8 ጥሩ ነው። 5/8 ወደ 16 ሚሊሜትር፣ 6/8 ወደ 19 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ጠበብ ያለው አረፋ ቶሎ ይሞላዋል፤ ሰፋ ያለው አፍንጫ ሥር ያስቸግራል።

ጎኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለእኛ ጺም ይህ ለውጥ ያመጣል። አንዳንዱ ምላጭ ጎኑ ወደ ውስጥ በጣም ጎድጎድ ያለ ነው። ስለቱ ስስ ነው፣ ፀጉር ሲቆርጥ ድምፅ ያሰማል፣ የሚሆነውን ሁሉ ለእጅ ይነግራል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ሽብልቅ ወፍራም ነው። ይከብዳል፣ አይለዝብም፣ ጠንካራ ጺምን ሳይንቀጠቀጥ ያልፋል፤ ግን መሳሉ አድካሚ ነው። መሐለኛው፣ ግማሽ ጎድጓዳ የሚባለው፣ ወፍራምና ጥቅልል ጺም ላለው ጀማሪ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። እኔ አሁንም ብዙ ጊዜ የማነሳው እሱን ነው።

ጫፉ ክብ ይሁን። ማዕዘን ጫፍ ያለው ምላጭ ያምራል፤ ጆሮ ሥር ሲደርስ ግን ይወጋል።

ብረቱን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ። ተራ የካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፤ ግን ይዝጋል። ስቴንለስ ዝገት ይቋቋማል፤ ድንጋይ ላይ ግን ያስቸግራል። ማድረቅ የሚረሳ ሰው ከሆናችሁ፣ ወይም እንደ ጂዳና ዱባይ ወበቅ ያለበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ስቴንለስ ይሻላችኋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ካርቦን ይበቃል።

ቆዳውን ግዙ፣ ድንጋዩን አቆዩት

ጀማሪ ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ምላጭ፣ ቆዳ፣ አራት ድንጋይ፣ ቅባት፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይገዛል። የድንጋዮቹ ዋጋ ብቻ ከምላጩ ይበልጣል። ገና መላጨት ሳይችል መሳል ይጀምራል። ሲቃጠል ጥፋቱ የመላጨቱ ይሁን የመሳሉ አያውቅም። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነበር።

ሁለቱን ሥራዎች እንለያቸው። ስትሮፕ የሚባለው ረጅም ቆዳ ስለትን አይፈጥርም፤ የተጣመመውን ያስተካክላል፣ ያለሰልሳል። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ያስፈልጋል። ያለ እሱ የሚሳል ምላጭ የለም። ድንጋዩ ግን ብረት እየፋቀ አዲስ ስለት ያወጣል። ቤት ውስጥ ለሚላጭ ሰው በየጥቂት ወሩ አንዴ ይበቃል።

ስትሮፕ ስትመርጡ የሚሰቀለውንና በአንድ በኩል ጨርቅ፣ በሌላ በኩል ቆዳ ያለውን ውሰዱ። ወርዱ ሰባት ሴንቲሜትር ያህል ይሁን፤ ሙሉው ስለት በአንድ ጊዜ ይተኛበታል። የመጀመሪያው ውድ አይሁን። እንደምትቆርጡት እርግጠኛ ነኝ፤ እኔ የመጀመሪያውን በሦስተኛው ቀን ቆርጬዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆዳውን ወጠር አድርጉ፤ ካልተወጠረ ስለቱን ያጎብጠዋል። ምላጩን ጠፍጣፋ አስተኙት፤ ጀርባውም ስለቱም ቆዳውን ይንኩ። ጀርባው ቀድሞ፣ ስለቱ ተከትሎ ይሂድ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ምላጩን በጀርባው ላይ አገላብጡት እንጂ በስለቱ ላይ አታገላብጡት። ሁሉም ቆዳውን የሚቆርጠው በዚህች መገላበጫ ላይ ነው። ኃይል አትጨምሩ፤ የምላጩ ክብደት ይበቃል። ጨርቁ ላይ ሃያ ያህል፣ ቆዳው ላይ ሃምሳ ያህል መመላለስ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በጣም በዝግታ። ፍጥነቱ ሳትፈልጉት ይመጣል።

ምላጩ መጎተት ሲጀምር ወዲያው ድንጋይ አትፈልጉ። ክሮሚየም ኦክሳይድ የሚባል አረንጓዴ ቅባት አለ። በሌላ ቆዳ ወይም ጨርቅ ላይ በስሱ ተቀብቶ አሥር ያህል መመላለስ ስለቱን ለብዙ ሳምንት ያቆየዋል። ዋናው ቆዳችሁ ላይ ግን አትቀቡት።

ድንጋይ የምትፈልጉበት ቀን ሲመጣ፣ የወጥ ቤት ቢላ መሳያ እንደማይበቃ እወቁ። በቁጥር ነው የሚሄደው። 1000 ቁጥር የተሸረፈና በጣም የደነዘ ስለትን መሠረት ያስይዛል። ከዚያ 4000፣ ከዚያ 8000፣ ከተገኘም 12000 እያለሰለሱ ይሄዳሉ። በቤልጂየም አርደን የሚወጣ ኮቲኩል የሚባል የተፈጥሮ ድንጋይም አለ፤ ውስጡ ባሉት ጋርኔት የሚባል ጠንካራ ማዕድን ደቃቅ ቅንጣቶች ይሥላል። ድንጋይ ላይ የምላጩ አካሄድ ከቆዳው ተቃራኒ ነው፤ ስለቱ ይቀድማል። ይህን የሚያምታታ ሰው ስትሮፑን ለሁለት ይከፍለዋል።

ግን እባካችሁ፣ ቢላና መቀስ በሚሽከረከር ድንጋይ ለሚስል ሰው ምላጫችሁን አትስጡ። የእሱ ሙያ ሌላ ነው። የሚሽከረከረው ድንጋይ ስስ ስለትን ያግለዋል፤ የጋለ ብረት ጥንካሬውን ያጣል። የጀርባውና የስለቱ ልክም ይበላሻል። አንድ ደቂቃ ያበላሸውን ዓመት አይመልሰውም።

አገር ቤት ላለ ሰው ምላጭ የሚስል ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። የእኔ ዘዴ ሁለት ምላጭ መያዝ ነው። አንዱ ሲደንዝ ከውጭ ለመጣ ዘመድ ሰጥቼ ለባለሙያ እልከዋለሁ፤ ሌላው ይሠራል። ለዘመዳችሁ ስትሰጡ ሻንጣው ውስጥ፣ ከታች በሚጫነው ውስጥ እንዲያደርገው ንገሩት። በእጅ ቦርሳ ከያዘው ፍተሻ ላይ ይወሰድበታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ፊት አትላጩ። አንድ ጉንጭ ብቻ። የቀረውን በሴፍቲ ጨርሱት። እንዲህ አንድ ሁለት ሳምንት ከሄዳችሁ በኋላ ሌላውን ጉንጭ፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ከንፈር በላይ። አገጭ መጨረሻ ነው። ጠመዝማዛ ስለሆነ ልምድ ያለውንም ያስቸግራል። የምትላጩበትን ቀን ሥራ የሌለበት አድርጉት፤ ቅዳሜ ማታ ጥሩ ነው።

ከመላጨታችሁ በፊት ጺማችሁ በየት አቅጣጫ እንደሚያድግ በጣታችሁ ዳብሱት። የሚሻክርበት በተቃራኒው የሄዳችሁበት ነው። አንገት ላይ ብዙ ሰው ይገረማል፤ በግራ ወደ ታች፣ በቀኝ ወደ ጎን የሚያድግ ብዙ ነው።

ገላችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ወይም ሙቅ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፊታችሁ ላይ ካቆያችሁ በኋላ ጀምሩ። ሳሙናውን በብሩሽ ምቱት። አረፋው እርጎ ይምሰል፤ ከነፋ አየር ብቻ ነው። የሚወጥረው እጃችሁ ደረቅ ይሁን፤ ካንሸራተተ አይወጥርም።

ምላጩን ሦስት ጣት ከላይ፣ ትንሿን ጣት ከማጠፊያው አልፎ በሚወጣው ጭራ ላይ፣ አውራ ጣትን ከሥር አድርጋችሁ ያዙ። ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይኑረው። በዲግሪ ማሰብ ከከበዳችሁ ጀርባው ከቆዳው የራሱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ። በጣም ካስተኛችሁት ይጎትታል፤ በጣም ካቆማችሁት ይቆርጣል። እንቅስቃሴው አጭር ይሁን። ወደ ጎን በፍጹም አታንሸራትቱት፤ ወደ ጎን ሲሄድ ምላጭ ቢላ ይሆናል። ከእጃችሁ ካመለጠ ይውደቅ። ለመያዝ አትሞክሩ።

ከተቆረጣችሁ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ አሉም የሚባለውን ነጭ ጠጣር ጨው አስነኩት። ያቆመዋል። በተደጋጋሚ አንድ ቦታ ከተቆረጣችሁ ግን እዚያ ቦታ ላይ የምትወጥሩበትን እጅ ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚወጥረው እጅ ነው።

ዝገት፣ ዘይትና ሕፃናት

እንክብካቤው ሁለት ደቂቃ ነው፤ የሚያቃጥለው ግን ሳይደረግ ሲቀር ነው። ከተላጫችሁ በኋላ በውኃ አለቅልቁት፣ በለስላሳ ጨርቅ ከጀርባ ወደ ስለት አቅጣጫ ጠርጉት። ማጠፊያውን አትርሱ፤ ውኃ የሚደበቀው እዚያ ነው። የስትሮፑ ጨርቅ ላይ አሥር ጊዜ አመላልሱት። ከዚያ ሳታጥፉ ለጥቂት ሰዓት አየር ላይ ተዉት።

የማትጠቀሙበት ሳምንት ከመጣ ስስ ዘይት ቀቡት። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው። የምግብ ዘይት ግን አታድርጉ፤ ቆይቶ ይሙጫል፣ ይሸታልም። ሻወር ያለበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት። የእንፋሎቱ እርጥበት ካርቦን ብረትን በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል። የበረኪና ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ብረቱን ይበላዋል። ያገለገለ ምላጭ የገዛችሁ ወይም የወረሳችሁ ከሆነ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጽድታችሁ 70 በመቶ አልኮል ተጠቀሙ፤ ከዚያም በደንብ ይሳል።

ምላጩ የአንድ ሰው ነው። ለወንድም፣ ለልጅ፣ ለእንግዳ አይዋስም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ቁልፍ ባለው ቦታ ይቀመጥ። ይህን ላስረዝመው አያስፈልግም።

ለጓደኛዬ የመለስኩለት ይኼ ነው። «የአባትህን ምላጭ አትሽጠው፣ ግን ዛሬ አትላጭበት። ዝገቱን አጽዳ፣ ዘይት ቀባው፣ በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥ። አሁን ሴፍቲ ግዛና አቅጣጫህን፣ አረፋህን፣ ትዕግሥትህን ተለማመድ። ከሦስት ወር በኋላም አሁን ያለህ ፍላጎት ካለ ስትሮፕ ግዛ፤ ሽርፉን የሚያወጣ ሰው እናፈላልጋለን።»

ትናንት ሁለተኛ ፎቶ ላከልኝ። ምላጩ ጸድቶ፣ ሶሊንገን የሚለው ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አጠገቡ አዲስ ሴፍቲ አለ። ማጠፊያውን ሲያጸዳ በእጀታው ውስጠኛ ጎን ላይ በሹል ነገር የተጫሩ ሁለት የአማርኛ ፊደላት አግኝቷል። የአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደልና የአያቱ ናቸው።